ችግራችን አማካዩ ላይ ነው

ሀርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር ውስጥ እኛ ኢትዮጵያውያን የከባድ መኪና ሹፌሮች የማናልፋት አንዲት ሻይ ቤት አለች። ከበርበራ ጭኜ ስመለስ ጎራ ብል፣ ጓደኞቼ ብሔራዊ ቡድናችን በማጣሪያው ለምን እንደተሸነፈ ሲጨቃጨቁ ደረስኩ። ሻይ አዝዤ እኔም ገባሁበት። «ኳሷን ለበረኛ ብቻ ነው የሚመልሷት! የኋላ ማርሽ አስገብቶ አገሩ የገባ ሹፌር አይታችኋል?» አልኩ። የሻይ ቤቱ ባለቤት አብዲ የሀርጌሳ ሰው ነው፤ ያደገው ግን ድሬዳዋ ነው። ብርጭቆ እየሰበሰበ፣ «ከኋላ መመሥረቱስ ልክ ነው፤ ችግራችን አማካዩ ላይ ነው» አለ።

«ችግራችን» ማለቱ አናደደኝ። «አንተን ደግሞ ምን አገባህ? ቡድኑ የኛ ነው!» አልኩት። አልተቆጣም። «ወላሂ፣ እናንተስ ሲሸነፍ የምትሰድቡት ቡድን አላችሁ። እኛ ግን አገራችን እውቅና ስለሌላት ማጣሪያ ገብተን መሸነፍም አልተፈቀደልንም» አለኝ። አግዳሚው ላይ ጠጋ አልኩለትና፣ «በል ቁጭ በል። አማካይ ላይ ማንን እናስገባ?» አልኩት። ተቀመጠ። ክርክሩ ሳያልቅ፣ ያዘዝኩት ሻይም ሳይመጣ መሸ።