ስሙ እንዳይጠራ የተባለው ቅርፊት

የአክስቴን ባል፣ ልብስ ሰፊውን፣ መንገድ ላይ ድንገት አገኘኋቸው። አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘዋል፤ መሐረቡ ደም በደም ሆኗል። ከልብ ቀዶ ጥገናቸው ወዲህ ደም የሚያቀጥን ኪኒን እንደሚውጡ አውቃለሁ፤ ፋርማሲስት ነኝና።

"ጋሼ፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?"

"ምንም" አሉና ዓይናቸውን ሰበሩ። ሰውዬው ውሸት አይችሉበትም።

ደግፌያቸው ቤት ገባን። አክስቴ ድስት ጥደው ያማስላሉ፤ አጠገባቸው የአኻያ ቅርፊት ተቆልሏል።

"እትዬ፣ ይሄ ለጋሼ ነው?"

"ለጉልበታቸው ነው። ስሙን እንዳትጠሪው! መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፣ ኃይሉ ይጠፋል። እናቴ ለሐኪም አልተናገረችም፤ እኔም አልናገርም። ይሄ ዛፍ ስንቱን አድኗል!"

"ማን ካደ እትዬ? ቅርፊቱ ሳሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ የአስፕሪን ዘመድ ነው። ሕመም ያስታግሳል፣ ትኩሳት ያበርዳል። ግን ደም እንዳይረጋም ያደርጋል። ከኪኒኑ ጋር ሲደራረብ የፈሰሰ ደም አልቆም ይላል። ዛሬ በአፍንጫ ሆነ፤ ነገ ጭንቅላታቸው ውስጥ ቢፈስስ?"

"እንግዲያው ኪኒኑን ይተዉት!"

"ያንን ከተዉ ደሙ ልባቸው ውስጥ ይረጋል።"

"አንቺ ፊደል ቆጠርኩ ብለሽ እኔን ልታስተምሪ?" ማማሰያውን ቀሰሩብኝ። አክብሮቴ እዚያ ላይ አለቀ።

"እንግዲህ ልጥራው! አኻያ! አኻያ! አኻያ! ስም መጥራት ኃይሉን የሚያጠፋው ከሆነ፣ ደም የሚያቀጥነው ኃይሉም ይጥፋና የጋሼ ደም አሁን ይቁም!"

ሦስታችንም መሐረቡን አየን። ደሙ ይንጠባጠባል። የአክስቴ ፊት አመድ መሰለ። "ባሌን በገዛ እጄ!" አሉና እሳቱን አጠፉ፤ ነጠላቸውንም ሳይፈልጉ ቀድመውን ወጡ።

ክሊኒክ ስንደርስ ሐኪሙም ሌላ የሚወስዱት ነገር እንዳለ ጠየቀ፤ ጋሼም በልማድ "ምን..." ከማለታቸው አክስቴ ብድግ አሉ። "አለ እንጂ! የአኻያ ቅርፊት ነው፤ አፍልቼ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። ጻፈው ልጄ!"

ሐኪሙ ጻፈ፤ ደሙንም አስቆመ። ለጉልበታቸው ከኪኒኑ ጋር የማይጣላ መድኃኒት አዘዘላቸው። ባይነገረው ኖሮ የኪኒኑን መጠን በጨለማ ሲቀያይር ይኖር ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀማ የባሰበት ነው። ዛፉን የሚያዋርደው ስሙ መጠራቱ ሳይሆን፣ ምን እንደያዘ ሳያውቁ ማጠጣቱ ነው።

ስንወጣ አክስቴ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ፊት ቆሙ። "እናንተስ? ቤታችሁ ምን ደብቃችሁ ነው የመጣችሁት? ተናገሩ እንጂ!"

 አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ከፍታ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ጠርሙስ አወጣች።