የዙሀይራ ጩኮ

ና ሙህዲን፣ ግባ። አካም ኦልቴ? ... አልሐምዱሊላህ፣ እኛም ደህና ነን። በርጩማውን ሳብና እዚህ ግድግዳው ሥር ተቀመጥ፤ ነፋስ አያገኝህም። ሱቁን ለማን ትተህ መጣህ? ... ጥሩ ነው። ሰው አንዳንዴም አረፍ ይበል እንጂ።

ዝናቡ ዘንድሮ አይታማም። ስንዴው ቆሟል። የገሰራ ሰዎች እንኳ ማማረር ትተዋል አሉ። ያላማረረ የገሰራ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? ... እኔም አላየሁም።

ልጄ? አዎ፣ መጥቷል። ያውልህ፣ በር ላይ መኪናውን ያጥባል። ለእረፍት ነው ከነቤተሰቡ የመጣው፤ ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ሰላም በለው። እጁ ሳሙና ነው፣ ክንዱን ጨብጠው... እንደሱ። ቢሰማንም ግድ የለም፤ የምናወራው ስለ እሱ አይደለም። ስለ እሱ ምን ይወራል?

ዙሀይራን ነው የጠየቅኸኝ? ... እንደዚያው ናት። የጁሀራ ታላቅ እህት እኮ ናት። እናታቸው ስትሞት ባለቤቴን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። አሁን ጊኒር፣ ልጇ ቤት፣ አልጋ ላይ ናት። እህል እምቢ ብላለች ይላሉ። «የጁሀራን ጩኮ አምጡልኝ፣ ጁሀራንም አሳዩኝ» ትላለች አሉ። ከዚያ ሌላ የምትለው የለም። ሐኪሙም «ወደ ቤቷ መልሷት» ብሏል። ሐኪም «ወደ ቤቷ መልሷት» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ... እሱን እንተወው።

ሌላ ወሬ ላጫውትህ። ብዙ እንደማልናገር ታውቃለህ። ግን አንድ ሰው አሉ፤ ስለ እሳቸው ዝም ብል ወንጀል ይሆንብኛል። እጅግ የተባረኩ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ስም ከጠሩ ሐሜት ነው፣ እኔ ደግሞ ሰው አላማም። አንተ አታውቃቸውም። ... አታውቃቸውም አልኩህ እኮ! ወደ መኪናው ምን ታያለህ?

እኚህ ሰው ቤተሰብ ማዝናናት ይወዳሉ። የኛ አባቶች ይኼን መቼ ያውቁ ነበር? እኔን አባቴ ያዝናናኝ፣ ከጎሮ ገበያ በሬ ያስነዳኝ ቀን ነው። እኚህ ግን ሥልጡን ናቸው። እናታቸውን ከሩቅ ሆነው ያስባሉ። በስልክ ሁሉ፣ «እማዬ፣ ስመጣ ጊኒር ወስጄ እህትሽን አሳይሻለሁ፣ በቃ አለቀ!» ይሏታል። አለቀ አሉ። እናትየውም አመነች። ገብሷን ቆላች፣ አስፈጨች፣ ቅቤዋን በቅመም አነጠረች፣ ስታሽ ዋለች። ያንን ሁሉ ጩኮ ቆሪው ውስጥ ጠቅጥቃ ሞላችው። የእንጨት ቆሪዋን ታውቀዋለህ፣ ያንን ጥቁሩን... ማለቴ፣ ቆሪ የሌለው ቤት የት አለ?

እኚህ ሰው መጡ። ማሻአላህ፣ መኪናውስ! ከፍታው! እናትየው እንድትወጣ በርጩማ አስቀመጥንላት... አስቀመጡላት። እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? አባትየው ነው ያስቀመጠላት። አንድ ዝም ያለ ሽማግሌ አባት አላቸው። እሱን ከኋላ፣ ከድንኳኑ ጋር አስቀመጡት። ለድንኳኑ ቀበቶ ታሰረለት። ሽማግሌው በሩን ያዝ ተባለ።

እናትየው ፊት ተቀመጠች። የኢድ ሻሿን አስራለች። ቆሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ አቅፋዋለች፣ ልክ እንደ አራስ ልጅ።

እንግዲህ ከሮቤ ጊኒር የሚሄድ ሰው በጠዋት ፀሐይ ዓይኑን ትወጋዋለች አይደል? ያን ቀን ፀሐይዋ በጎን መጣች። ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ የጊኒር መንገድ በዚያ በጎሮ ነው» አለ። «አታስብ አባ፣ ሰርፕራይዝ ነው» አሉት። ዝም አለ። እሱ እንደሆነ ዝም ማለት ይችልበታል። ትንሽ ቆይቶ ግን የልጅ ልጁን ጠጋ ብሎ ጠየቃት፣ ሰርፕራይዝ ምንድን ነው? «ያልጠየቅከውን ሲሰጡህ ነው» አለችው። አየህ? እኛ እኮ እስከ ዛሬ ለሰው የጠየቀንን ስንሰጥ ነው የኖርነው። አለማወቅ ክፉ ነው።

እናትየውም አልተከፋች። ጎባ ሲደርሱ፣ «ነዳጅ ሊቀዱ ነው» አለች። ጎባን አልፈው ዳገቱን ሲያያዙት፣ «አዲሱ መንገድ በዚህ ዞሮ ይሆናል» አለች። ብርዱ ሲጀምር ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ «ጊኒርም እንዲህ በረዳት?» አለች። ቆላውን አገር እኮ ነው የምትለው! ለልጇ ምክንያት ስታጣ አይቼ... ማለቴ፣ አጥታ አታውቅም አሉ።

ሳነቴ አምባ ላይ ወጡ። እኚህ ሰው ወርደው እጃቸውን ዘረጉ። «እማዬ፣ እዪው! ይኼን ለማየት ሰው ከስንት አገር ነው የሚመጣው!» እናትየው አየች። ጉም ነበር። ጉሙን አየች።

ከዚያ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ተጀመረ። የኛ ቀይ ቀበሮ ሳይጠሩት በበጎች መሃል የሚያልፍ አውሬ ነው፤ ያን ቀን ተፈልጎ ጠፋ። ኋላ ከጉሙ ውስጥ፣ ከአንድ የጅብራ ተክል ሥር፣ ቀይ ነገር ታየ። ሁሉም ሮጠ። ልጆቹ ሮጡ፣ ሚስቲቱ ሮጠች፣ እኚህ ሰው ስልካቸውን እንደ ጦር ወድረው እየተንፏቀቁ ቀረቡ። ፎቶ አነሡት። ደጋግመው አነሡት። ፌስታል ነበር። ነፋስ ያመጣው ቀይ ፌስታል። «ግድ የለም፣ ከሩቅ ጀርባው ይመስላል» ብለው ለሰው ላኩት። ሰው ደስ ካለው ምን ይባላል?

ሮጠዋልና ራባቸው። ድንኳን ይዘዋል፣ ተጣጣፊ ወንበር ይዘዋል፣ ኳስ ይዘዋል። ምግብ ተረስቷል። ታዲያ ሰው ሁሉን ሊያስታውስ ነው? ልጆቹ ማልቀስ ሲጀምሩ እኚህ ሰው ዞር ቢሉ እናትየው ጭን ላይ ቆሪውን አዩ። «እማዬ! ስንቅ ይዘሽልን ነበር! አንቺ እኮ ሁሉን ታስቢያለሽ!» ብለው ከእቅፏ አነሡት።

«እሱ እኮ ለ...» አለች። የቀረውን ዋጠችው። ሌላው ደግሞ ጩኮውን ዋጠ።

እስቲ ንገረኝ ሙህዲን፣ የኛ አገር ሴት እጁን የዘረጋ ልጇን «ተው፣ የሌላ ሰው ነው» ትለዋለች? ለታማሚ የታሰበ ቢሆንስ? ... አትልም። ምላሷ አይታዘዝላትም። እኚህ ሰው ይኼን ሳያውቁ ቀርተው ነው? እዚሁ ነው እኮ ያደጉት። ግን አዲስ አበባ ከተማ ሰፊ ነው፣ ብዙ ነገር ያስረሳል።

መጀመሪያ ታዲያ ስልኩ ወጣ። ሳይቀረጽ አይበላም። «ውድ ቤተሰቦች! ከእናቴ ጋር ሳነቴ ላይ ነን! የተቆላ ገብስ፣ ንጥር ቅቤ፣ የእናት እጅ! ለእናቶቻችሁ ጊዜ ስጡ!» ... ለእናቶቻችሁ ጊዜ ስጡ! ንግግራቸው ሲያምር! እናትየው በዚህ ጊዜ መኪና ውስጥ ናት፤ ጉልበቷ ያንን ብርድ አይችለውም። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «እማዬ፣ ትንሽ ሳቅ በይ» አሏት። ሳቀች። መስኮቱን መለሱት። ብዙ ሰው ወዶታል ተባለ። የማያውቋት ሁሉ «እናትህ ታድላ» ብለው ጽፈዋል አሉ። እኔ እንኳ ማንበብ አልችልም፣ ያነበበልኝ... ያነበቡለት ለሽማግሌው ነው።

ምስሉ ጊኒርም ደርሷል። እናትየው ጊኒር ሳትደርስ ሳቋ ቀድሟት ገባ። የታመመችው እህት አልጋዋ ላይ ሆና አይታዋለች። ልጆቿ ዛሬ ደውለው ምን አለች አሉን መሰለህ? «ጩኮው ጥሩ ወጥቶላታል» አለች። ... እንዲህ ነው። «እህትሽን አሳይሻለሁ» አላሏትም? ለእህቷ አሳዩዋት። ቃላቸውን አጠፉ የሚል ካለ እኔ አልሰማውም።

ባዶውን ቆሪ ጭኗ ላይ መልሰው፣ «እጅሽ ይባረክ» አሏት። አልሰበሩትም። ይኼም አንድ ነገር ነው።

ማታ ቤት ሲገቡ፣ «ጊኒርስ?» ብላ ጠየቀች። ቀስ ብላ ነው ታዲያ፣ እንዳትረብሻቸው። «ዛሬ ደክሞናል እማዬ፣ ነገ» አሏት። ሲነጋ መኪናው ጭቃ ሆኖ ተገኘ። እውነታቸውን ነው፤ በጭቃ መኪና ታማሚ ይጠየቃል? ነውር ነው። ስለዚህ መታጠብ አለበት። ሲታጠብ ይመሻል። ሲነጋ ደግሞ የመመለሻቸው ቀን ነው። «በሚቀጥለው ዓመት፣ ኢንሻአላህ» አሏት። ልክ ናቸው። ታማሚዋ እንደሆነ አልጋ ላይ ናት፣ የት ትሄዳለች?

... ምነው አፍንጫህን? አዎ፣ የተቆላ ገብስ ነው የሚሸትህ። ከኛ ቤት ነው። ገብስ መቁላት ብርቅ ሆነ እንዴ? ጁሀራ እንደገና ጀምራለች። ቅቤው አልቆባት ከሚስትህ ነው የወሰደችው። ሚስትህ አልነገረችህም? ... ደግ ሴት ናት። እንደኔ ዝምተኛ ናት።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ላወራህ ብቻ አልጠራሁህም። ነገ የጊኒር ገበያ አይደለም? ኢሱዙህ ይሄዳል? ... ምን ጭኖ? ... ስኳር። ስኳር ጥሩ ነው። የሚነዳው ወንዶሰን ነው? ... እሱን እወደዋለሁ። አፉ ትንሽ ክፉ ነው፣ መንገድ ግን አይስትም። ጊኒር ካሉት ጊኒር ያደርሳል።

ጋቢናው ውስጥ ጁሀራን አስቀምጥልኝ። ... ለኔ አታስብ፣ እኔ ከላይ ስኳሩ ላይ እወጣለሁ። ገመድ ብቻ አሳዩኝ። ... ጉልበቷን? እኔና ወንዶሰን ደግፈን እናወጣታለን። ቆሪውን ግን ማንም አይቀበላት፣ ራሷ ትያዘው።

ምን አልክ? «ልጅህ መኪና እያለው»? ... ኧረ ቀስ በል፣ ይሰማሃል! እሱማ ምን ያድርግ? መኪናው ገና አሁን ነው የጸዳው፣ ተመልከተው፣ ፊትህን ያሳይሃል። እሷ ደግሞ ቅቤ ቅቤ ትሸታለች። ወንበሩም ነጭ ነው። ወደ ጊኒር ያለው ጭቃስ? እኔ ልጄን እንዲህ ያለ ችግር ውስጥ አልከተውም። ደግሞ ስለ እሱ አይደለም ያልኩህ። እኔ የማወራልህ ስለ እኚያ ሰው ነው።

እንዲያውም ሳትሄድ ዱዓ እናድርግላቸው። ደግ የሠራ ሰው ካልተመረቀ ምን ዋጋ አለው? እጅህን ዘርጋ። ... አንተም ልጄ፣ ስፖንጁን አስቀምጥና ና። ጠጋ በል፣ እዚህ። ለአንድ ለማታውቀው ሰው ነው፣ ግን አሚን ማለት አይከብድም። ሳሙናውን ተወው፣ እንዲሁ ዘርጋ።

ያ ረቢ፣ እኚያን ሰው ጠብቅልን። ዕድሜ ስጣቸው፣ ረጅም ዕድሜ። ፀጉራቸው እስኪነጣ፣ ምርኩዝ እስኪይዙ አቆያቸው። ልጆቻቸውን አሳድግላቸው። ልጆቹ ትንንሽ ናቸው፣ ግን ዓይናቸውን ከፍተው ሁሉን አይተዋል፤ ያዩትን አታስረሳቸው። ለነሱም ሀብት ስጣቸው፣ ጊዜ ስጣቸው፣ የወላጅ ፍቅር ስጣቸው። እኚያ ሰው አርጅተው አንድ ነገር ብቻ የፈለጉ ቀን፣ ልጆቻቸው በዙሪያቸው ይሰብሰቡላቸው። እኚያ ሰው እናታቸውን እንዳስደሰቱ፣ ልጆቻቸው እሳቸውን እንዲሁ ያስደስቷቸው። ምንም ሳይጨምሩ፣ ምንም ሳይቀንሱ።

አሚን በሉ።

... ሙህዲን፣ ያንተን ሰምቻለሁ። ልጄ፣ ያንተ ነው ያልተሰማኝ።