ደርሳለች

ልጄ ሐረገ ወይን በሐምሌ፣ በምጥ ሞተች።

እንኳን ለመስቀል አደረሰዎ፣ አያ ደምሌ። ይቀመጡ እንጂ፤ ድንጋዩ ደርቋል። ዘንድሮ ክረምቱ ቶሎ ወጣ፣ አይደል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቤተሰቡስ? ...ተመስገን ነው። እኛም አለን። የቀረነው አለን።

ይህን ገብስ አዩት? ከመንገዱ በላይ ያለውን። የማን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ባለቤቱም እዚያው ውስጥ ጎንበስ ብለዋል፤ ስለዚህ ስም መጥራት አያስፈልግም። ጮክ ብዬ የማወራው ለእርስዎ ብዬ ነው... ሌላ ሰው ከሰማ ምን አደርጋለሁ?

አያያዛቸውን ይመልከቱልኝ። ዛላውን ይቀጥፋሉ፣ በመዳፋቸው ያሹታል፣ እፍ ይሉና አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አልደረሰም። ትናንት ልጆች እሸት ሊቀጥፉ ገብተው በዱላ ነው ያስወጧቸው። «ያልደረሰ አይነካም!» ሲሉ እኛ ደጅ ድረስ ተሰማ። ምን ያለ ገበሬ ነው! በዚህ አገር ያልደረሰ ነገር ሲነካ እንደሳቸው የሚያመው ሰው ይገኛል?

ልጅ በማሳደግም ያው ናቸው። ለእኔም ገና ጺሜ ሳይበቅል ልጃቸውን ሰጥተው አባት ያደረጉኝ እሳቸው አይደሉም? ቸር ሰው ቀን አይቆጥርም። የልጆቼ እናት ካረፈች በኋላ፣ እኔ ሐረር ወታደር ሳለሁ፣ ልጆቹ በማን እጅ ነበሩ? በአያት እጅ። ሐረጌን ንፋስ መውጫ ተማሪ ቤት አስገቡልኝ ብዬ ሰው ላክሁ። መች ችላ አሉ! ደጅ አቁመው፣ ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፈው ግራ ጆሮዋን አስነኳት፤ መምህራኑ እንደሚለኩት። ነካች ያሉ ነበሩ። እሳቸው ግን ጥንቁቅ ናቸው። «የነካችው ጫፉን ነው፤ ጫፍ ጆሮ አይደለም። አልደረሰችም፣ ትቆይ» አሉ። ቆየች። ሰባት ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለክተዋት ያውቃሉ? እንጃ... ሰው ሥራ ይበዛበታል።

በአራተኛው ዓመት ጠያቂ መጣ። ጥሩ ዘር፣ ብዙ በሬ። አጥቢያ ዳኛው ደግሞ የጃንሆይን አዲስ ሕግ ሰምቶ ኖሮ፣ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ሳይሞላት አትዳርም አለ። ደፋር! እሳቸውን ሊያስተምር? ተነሡ፤ መስቀል ይዘው ማሉ። «ደርሳለች። አሥራ አምስት ሞልቷታል» አሉ። እኔ ሒሳብ የተማርኩት ጦር ሰፈር ነው፤ ሰባትና አራት አሥራ አንድ ነው ብለውኛል። ለካ የሐረር አስተማሪ የኛን አገር አያውቅም። የኛ አፈር ደግ ነው፣ አያ ደምሌ። ልጅ ከገብስ ቀድሞ ይደርሳል።

ሠርጉ ላይ አልነበርኩም። ታናሿ የሺ ግን አጥሩን ተደግፋ አይታለች፤ የነገረችኝ እሷ ናት። ሙሽራዋን በቅሎ ላይ ያወጧት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ሚዜ አላስነኩም። እግሯ እርካቡ ላይ አልደርስ አለ። ታዲያ ይህ ለእሳቸው ምን ችግር አለው? ጠፍሩን ቋጥረው አሳጠሩላት። ግንባሯን ስመው «ውለጂ፣ ክበጂ» ብለው መረቋት።

ምርቃታቸው መቼም መሬት አይወድቅም። ወለደች ለማለት ባይቻል እንኳ... ከብዳ ነበር።

በሐምሌ ፈቃድ ይዤ ስመጣ ምጥ ላይ ደረስኩ። በቃሬዛ ይዘናት ወጣን። ወንዙ ሞልቶ ዳር ላይ ቆምን። ሐኪም ቤት አልደረሰችም። በሆዷ ያለውም አልደረሰም። ለቅሶው ላይ አንድ ሰው ደረቱን እየመታ ምን ሲል ሰማሁ መሰለዎት? «ምነው ልጄ፣ ሳትደርሺ! ሳትደርሺ!» ...አዩልኝ? በመጨረሻ ልኩን አገኙት።

በሐዘን እንኳ ሥራ አይፈቱም። ከወገዳ በኩል ሰዎች መጥተው የሺን ጠይቀዋል ይባላል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሳቸውም «ደርሳለች» ብለዋል ይባላል። እርስዎንም ሽማግሌ አድርገው ወደ እኔ ልከዋል ይባላል... እኔ ግን አላመንኩም። አያ ደምሌ በዚህ ጉልበታቸው ዳገት የወጡት ሐዘንተኛ ሊጠይቁ ነው እንጂ! አይደለም እንዴ? ምነው፣ ይቀመጡ። ገና አልጨረስኩም።

ምናልባት ቢጠይቁዎት ይህን ይንገሩልኝ። ዛሬ ማለዳ የሺን ደጅ አቁሜ ለካኋት። ጆሮዋን ነካች፤ ጫፉን ብቻ አይደለም፣ ሙሉውን ጨብጣ ሳቀች። እህቷ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። በዓሉ እንዳለፈ ንፋስ መውጫ እወስዳታለሁ። ተማሪ ቤት አስገብቼ እኔም እዚያው እቀመጣለሁ፤ ሐረር አልመለስም። መማል ያማራቸው እንደሆነ በዚህ ይማሉልኝ፤ የሺ ለፊደል ደርሳለች።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የሐረጌን መቃብር መስቀል ተከልኩ። ስሟን በጩቤ ቀርጬበታለሁ። ከስሙ ሥር ዕድሜዋን፣ አሥራ ሦስት። የዛሬ ሥራዬ ይኸው ነበር... እርስዎን ከማጫወት በቀር።

እንግዲህ ልሂድ። ሰላምታ ያድርሱልኝ። ለእሳቸው ክፉ አልመኝም፤ እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ። ዓይናቸው ቢደክም እንኳ ጆሯቸውን ይጠብቅልኝ። የሺ ፊደል ቆጥራ፣ ማንበብ ችላ፣ እጃቸውን ይዛ ከእህቷ መቃብር አጠገብ እስክታቆማቸው ያኑርልኝ። ያን ቀን መስቀሉ ላይ ያለውን ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ለዚያ ቀን በጤና፣ በሰላም... ያድርሳቸው።