የአቶ አስማማው ጎመን

አቶ አስማማውና ከሦስት በር ወዲያ ያለችው ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ፎቅ ሲኖሩ የተለዋወጡት ቃል «ሃይ» ብቻ ነበር። እሳቸው ልጅቷን ጃማይካዊት አድርገዋት ነበር፤ እሷ ደግሞ እሳቸውን ሶማሌ ናቸው ብላ ደምድማለች። ክሬሰንት ታውን በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው። ግድግዳ ይጋራል፣ ሊፍት ይጋራል፣ የሽንኩርት ሽታ ይጋራል፤ ስም ለመጠያየቅ ግን ጊዜ የለውም።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቶ አስማማው በጋሪ የጫኑት የአፈር ከረጢት ሊፍቱ ውስጥ ተቀደደና አፈሩ የልጅቷ ነጭ ጫማ ላይ ተዘረገፈ።

«ወይ ጣጣዬ፣ አሁን ይህቺን ልጅ በምን አፌ ይቅርታ እላታለሁ?» አሉ ለራሳቸው፣ ጮክ ብለው። ብቻውን የሚኖር ሰው ከራሱ ጋር ሲያወራ ድምፁን መቀነስ ይረሳል።

«በአማርኛ» አለች ልጅቷ።

አቶ አስማማው ቀና ብለው አይዋት። ልጅቷ እየሳቀች አፈሩን በእጇ ትሰበስብ ጀመር።

«ናኦሚ እባላለሁ። እዚሁ ነው የተወለድኩት። አማርኛዬ ብሮክን ነው፤ አንተ... ሶሪ፣ እርስዎ እንዳይታዘቡኝ።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በማላውቀው እንግሊዝኛ ሰላም ስልሽ!» አሉ።

ጋሪውን እስከ በራቸው ገፋችላቸው። በሩ ሲከፈት ከባድ የቅጠል ሽታ ኮሪደሩን ሞላው።

«ጎመን ነው» አሉ አቶ አስማማው ቶሎ ብለው። «ጎመን ተክያለሁ።»

«ጋሽ አስማማው» አለች ናኦሚ፣ ስማቸውን በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንብባ፣ «እኔ የምሠራው የቤት ውስጥ ተክል ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ስለዚህ ዓይነቱ ጎመን በቀን ስንት ሰው እንደሚጠይቀኝ ቢያውቁ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። ለነገሩ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። እግራቸውን ሌት ተቀን እንደ ፍም ለሚያቃጥላቸው ሕመም ካናቢስ እንዲጠቀሙ ሐኪም ፈቅዶላቸዋል፤ ሕጉም ቤት ውስጥ እስከ አራት እግር መትከል አይከለክልም። የሚያስፈራው የቤተ ክርስቲያን ማኅበራቸው ሰው አፍ ነው። ስለዚህ ተክሉን ጎመን አሉት። ለቄሱም፣ ካልጋሪ ላለችው ልጃቸው ለፌበንም ጎመን ነው።

አራቱ ተክሎች በአንድ መብራት ሥር ቅጠላቸውን ጥለው ቆመዋል። አቶ አስማማው ጆጉን አነሱ።

«ጠምቷቸዋል። በቀን ሁለቴ ካላጠጣኋቸው እንዲህ ነው የሚያኮርፉኝ።»

ናኦሚ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰካች። «አልጠማቸውም። እየሰመጡ ነው።»

«እኔን ነው እንዲህ የምትይው?» አሉ፣ ጆጉን ሳያስቀምጡ። «ሸዋ ሮቢት አሥራ ስምንት ዓመት የውሃ አባት ነበርኩ። ከወንዝ የተጠለፈውን ቦይ ለሰባ አባወራ በተራ የማካፍለው እኔ ነኝ። በእኔ ዘመን በውሃ ሰው አልተፈናከተም።»

«እዚያ የተረፈው ውሃ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ እዚህ ባልዲ ነው፣ የት ይሄዳል? ሥሩ አየር ያጣል። ሲጠማም ሲሰምጥም ቅጠሉ የሚወድቀው ያው ነው። ለዚህ ነው ሰው የሚሳሳተው።»

አቶ አስማማው ግን ለመሸነፍ አልቸኮሉም። ወንበር ሳቡላት፣ ሻይ ቀዱላት። እንግዳ ከተቀመጠበት ወራት ያለፈው ያ ወንበር የጋዜጣ ማስቀመጫ ሆኖ ነበርና ጋዜጣውን አንስተው የት እንደሚያኖሩት ግራ ገባቸው።

«እሺ፣ በእናንተ ሱቅ እንዴት ነው የሚጠጣው?»

«ብዙ ዓይነት አለ። ቀላሉ ክር ነው። ክሩ ከታች ካለው ውሃ ወደ ሥሩ ይስባል።»

«እንደ ኩራዝ።»

ናኦሚ ኩራዝ አታውቅም፤ አስረዷት። «ያው ነው» አለች። «ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ግን እነዚህ ትልልቅ ናቸው፣ ብዙ ይጠጣሉ፤ ክር አይደርስላቸውም። ሁለተኛው ሥሩ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ ትንሽ ማሽን አየር እየነፋ ውሃውን በአረፋ ይሞላዋል።»

«ተክል ነው ወይስ ዓሣ?»

«ፈጣኑ እሱ ነው፣ ጋሽ አስማማው። ግን አየሩ ከቆመ ሥሩ ቶሎ ይታፈናል። ሌላው ደግሞ ሙላት ነው። ፓምፑ በሰዓቱ ትሪውን ይሞላዋል፣ ከዚያ ውሃው ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድ ሥሩ ይተነፍሳል።»

«ይኼ የእኛ ቦይ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለስልሶ። «ከፍተሽ ትለቂያለሽ፣ ማሳው ሲጠግብ ትዘጊያለሽ። ቦይ ከፋቹ እንቅልፍ ከወሰደውስ?»

«ፓምፑ ከተበላሸ ይደርቃል። ለእርስዎ ጥሩው ጠብታ ነው። ከታንከሩ ቀጭን ቱቦ ለእያንዳንዱ ይሄድና ጠብ ጠብ ይላል። አፈሩን በኮኮናት ቃጫ እንቀይረዋለን፤ ቃጫው ውሃም አየርም ይይዛል፣ ፓምፑ ቢቆም እንኳ ጊዜ ይሰጣል። መጥፎው ነገር ቱቦው በማዳበሪያው ጨው ይደፈናል፤ ሰው ማየት አለበት።»

በዚህ መሐል ስልኩ ጠራ። ፌበን ናት፤ እንደ ልማዳቸው በድምፅ ማጉያው አነሱት።

«አባዬ፣ ትኬቱን ቆረጥክ? የልጄ የሐሴት ክርስትና ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ሰማንያ ቀኗ አይጠብቅህም።»

«ልጄ፣ እንዴት ትቼው ልምጣ? ጎመኑን ማን ያጠጣልኛል?»

«እሺ አባዬ፣ ከጎመንህ ጋር ደህና ሁን» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ናኦሚ ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው።

«ለምን እውነቱን አይነግሯትም?»

«ምን ብዬ? አባትሽ ሐሺሽ ያበቅላል ልበላት?»

«አባትሽ ሐኪም የፈቀደለትን መድኃኒት ይተክላል ይበሏት። ጠብታውን እንግጠምና ይሂዱ። ማሽኑ ያጠጣል።»

አቶ አስማማው ጆጉን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ ያሉትን ነገር ከዚያ በፊት ለማንም ብለውት አያውቁም፤ የሚነግሩት ሰው አልነበራቸውምና።

«ማሽኑ ካጠጣቸው እኔ ጠዋት ለምን እነሳለሁ? እዚህ አገር ያመጣችኝ ፌበን ነች፤ ባሏ ሥራ ሲያገኝ ካልጋሪ ሄዱ፤ እኔ ሐኪሜም ቤተ ክርስቲያኔም እዚህ ነው ብዬ ቀረሁ። ይኸው ሦስት ዓመቴ። አርፍጄ ብነሳ የሚያውቁብኝ እነዚህ አራቱ ብቻ ናቸው። የማጠጣቸው ጠምቷቸው አይደለም ካልሽኝ፣ እንግዲህ እኔን ጠምቶኝ ይሆናል።»

እዚህ ላይ ሌላ የሱቅ ሠራተኛ ብትሆን የፓምፑን ጥቅም ደግማ ትዘረዝር ነበር። ናኦሚ ግን ቀደም ብለው ወደ ተናገሩት ቃል ተመለሰች።

«በውሃ አባትነትዎ ጊዜ፣ ተራው የደረሰው ሰው ለቅሶ ወይም ሠርግ ቢሄድስ? ተራው ያልፈዋል?»

«እንዴት ተደርጎ! ጎረቤቱ ያጠጣለታል። ዶማውን በሩ ላይ ትቶለት ይሄዳል። ዶማህን የሚያነሳልህ ጎረቤት ከሌለህ አንተም ሰው አይደለህም፤ ብዙ ሰው ገሥጬበታለሁ።»

ይህን ብለው ራሳቸው ደነገጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዶማቸውን ለማን እንደሚተዉ አስበው አያውቁም ነበር።

«ታንከሩ በአራት ቀን አንዴ ይሞላል፤ ቱቦው መታየት አለበት» አለች ናኦሚ። «ማሽኑ ብቻውን አይችልም። ጎረቤት ይፈልጋል። ተራ ስጠኝ... ይስጡኝ።»

አቶ አስማማው ተነሥተው ከመሳቢያ ትርፍ ቁልፉን አወጡ። ቤቱን ሲረከቡ የታሰረበት ሽቦ እንኳ አልተፈታም ነበር። በጥርሳቸው ሊፈቱት ሞክረው አቃታቸውና እንደታሰረ ሰጧት።

በሳምንቱ ጠብታው ተገጠመ። አቶ አስማማው ቱቦዎቹን ራሴ ለክቼ ካልቆረጥኩ ብለው ናኦሚን ግማሽ ቀን አደረቋት። ከዚያ ሄዱ። ካልጋሪ ላይ ሐሴትን ታቅፈው ክርስትና አስነሡ፤ በማግሥቱም ፌበንን ማድቤት ውስጥ ከሕፃኗ ጋር ብቻዋን አግኝተው «ጎመን አይደለም» አሏትና ሁሉንም ነገሯት።

ፌበን የተቆጣች መሰለች፤ ቀጥሎ ግን አለቀሰች። «እኔ እኮ ትቼህ ስለሄድኩ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር። ጎመን ጎመን የምትለኝ ላለመምጣት ነው ብዬ።» አባትየውም አለቀሱ፤ ሕፃኗም ሁለቱን አይታ ተቀላቀለች።

የጠብታን ጥቅም ለሚጠይቅ ሰው እነሆ፦ ተክሎቹ ቅጠላቸውን አነሡ፤ ወለሉ መርጠቡን ተወ፤ ያመመው እግር በቀን ሁለቴ መንበርከኩ ቀረለት። ይህን ማንኛውም ሻጭ ይነግራችኋል። የማይነግራችሁ ግን አለ። ለማሽን መተው የሚገባውን ሥራ ሙጭጭ ብለን የምንይዘው አንዳንዴ ከሥራው ሌላ የሚፈልገን ስለሌለ ነው፤ የዚያ መድኃኒቱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ አይገኝም። አቶ አስማማው ዛሬ ይህን ለማኅበሩ ሰው ሳይቀር ይመክራሉ፤ ስለ ተክሉ ግን ሰው እስኪጠይቃቸው ይጠብቃሉ።

ሲመለሱ ፌበን ልትቀልድባቸው አንድ ጥቅል ዘር ሻንጣቸው ውስጥ ከታ ነበር። እውነተኛ የጎመን ዘር ነው። ለናኦሚ ሰጧት። ቀኑን ሙሉ የተክል ዕቃ ስትሸጥ የምትውለው ልጅ ቤት አንድ ቅጠል እንኳ እንዳልነበረ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። «ማን ያጠጣልኛል ብዬ» አለቻቸው፣ ወደ መሬት እያየች። ዘሩን በመስኮቷ ሥር፣ ተራ አፈር በሞላው ባልዲ ዘሩት፤ ቱቦም ፓምፕም አልገባበትም። የእሷም ትርፍ ቁልፍ ከእሳቸው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ታሰረ።

ሰኞና ሐሙስ ናኦሚ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነች። በአንዱ ሐሙስ ማለዳ አቶ አስማማው በእሷ መስኮት ሥር ጆግ ይዘው ቆመው ሳለ ፌበን ደወለች።

«አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ጎመን እያጠጣሁ።»

«አባዬ፣ ደግሞ ጀመርከኝ?»

«እውነቴን ነው ልጄ። የጎረቤቴን ነው፤ ዛሬ ተራዬ ነው» አሉ አቶ አስማማው።