«ድንገት» የሚለውን አላነብም

ለቀስተኞች ሆይ፣ አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመነሣቱ በፊት አንድ ጊዜ ጸጥ በሉልኝ። እኔ የሟች ባለቤት አጎት ተሰማ ነኝ፤ የአቶ በዛብህ ወልደሚካኤልን ዜና ሕይወት እንዳነብ ታዝዣለሁ።

አቶ በዛብህ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሚካኤል አሻግሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ መሰለች ዱሬሳ በ1926 ዓ.ም. እዚሁ አቃቂ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ስለነበሩ በባቡር ጩኸት እየተኙ፣ በባቡር ጩኸት እየነቁ አደጉ። ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ ዘመናዊውንም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በባቡሩ ሥራ በጽዳት ተቀጥረው፣ ከረዳትነት አልፈው ነጂ ለመሆን በቁ። በ1950 ዓ.ም. ወይዘሮ የሺሐረግን አግብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ እሳቸው ያልመጡበት ሠርግ አይደምቅም ይባል ነበር።

አምና በጥቅምት ግን ከድሬዳዋ ሲመለሱ፣ ሐዲድ ይሻገሩ የነበሩ አንዲት እናት ባቡሩ ፊት ገቡባቸው፤ ፍሬን ቢይዙም አልደረሱላቸውም። ፖሊስ መርምሮ ጥፋት የለባቸውም ሲል፣ ሁሉም ነገሩ አለቀ አለ። ባቡሩ ጋራዥ ገብቶ ተፈትሾ፣ ተጠግኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ወጣ፤ ነጂው ግን በማግስቱ ወደዚያው ሐዲድ ተላኩ። ምነው ለብረቱ የታዘነውን ያህል እንኳ ለሰውየው ቢታዘን!

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጡ፣ እህል አስጠላቸው፣ ሰው ሸሹ። መኖር እንዳስጠላቸው በገዛ አንደበታቸው ቢናገሩ «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ቻለው» ተባሉ። ወይዘሮ የሺሐረግ ወደ አእምሮ ሐኪም ልውሰዳቸው ቢሉ «ባልሽን እብድ ልታሰኚው ነው?» ተብለው ተሰደቡ። እግራቸው ተሰብሮ ቢሆን ብርቱካን ይዛችሁ ትጎርፉ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለትንማ አፋችን ያውቅበታል፤ በራቸውን ያንኳኳ ግን አልነበረም።

ባለፈው ሐሙስ አቶ በዛብህ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች «ድንገት ባደረባቸው ሕመም» ብለህ አንብብ ብለውኛል። ሕመም መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ የነፍስ አባታቸውም ይህንኑ ተረድተው ፍትሐት ፈቅደዋልና እግዜር ይስጥልኝ። «ድንገት» የሚለውን ግን አላነብም! ዓመት ሙሉ እያየነው የመጣ ነገር እንዴት ነው ድንገት የሚሆነው? ዛሬ ደግሞ ጥግ ይዛችሁ «ሚስቱ ምን ብታደርገው ነው?» የምትሉ አላችሁ። ኧረ እፈሩ! ሐኪም ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አቶ በዛብህ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ሙሉአለምንና አደሴን ትተው ሄደዋል። በሥጋ ባይዛመዱም አንድ ሰው እጨምራለሁ፤ ያን ቀን ባቡሩ ላይ ከአጠገባቸው የነበሩት ረዳታቸው አቶ ሰቦቃ ቀጀላ ናቸው። እሳቸውም ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም፤ «እኔም እንደሱ እያሰብኩ ነው፤ ንገርልኝ» ብለው ትናንት ስለለመኑኝ፣ ይኸው ተናገርኩ። ሰኞ ከየሺሐረግ ጋር ሐኪም ዘንድ እንወስዳቸዋለን፤ እስከዚያው እኔ ቤት ነው የሚያድሩት። ጎረቤት ነን የምትሉ ግን ከአሁኑ ጠይቋቸው፤ አብራችኋቸው ብሉ፣ ሲያወሩም አታቋርጧቸው።

ሰው የነፈጋቸውን ዕረፍት እግዚአብሔር አይንፈጋቸው፤ የአቶ በዛብህን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ አሜን። አቶ ሰቦቃ እዚያ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ተቀምጠዋል። የእሳቸውን እንዳታስነብቡኝ።