የአቶ መዝገቡ ዓለሜ ዜና ሕይወትና ያልደረሰው የጓያ ደብዳቤ

መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. ማለዳ፣ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ሳዘጋጅ፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ገለታና የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ አቶ ዱጉማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃችን ቆሙ። በዚያ ሰዓት ሁለት ሰው አብሮ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ስለማውቅ በሩን አልከፍትም ብዬ ነበር። «ሠርካዲስ ልጄ፣ እባክሽ ክፈችልን» አሉ ጋሽ ገለታ። የባለቤቴን የአቶ መዝገቡን መርዶ የሰማሁት እንዲህ ነው። ይህንንም ጽፌ እንዲያነቡላችሁ የሰጠሁት ለጋሽ ገለታ ነው።

አቶ መዝገቡ ከአባታቸው ከአቶ ዓለሜ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ አጸደ በላይ በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. በፎገራ ተወለዱ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ዝናቡ ቀርቶ ሌላው እህል ሲከሽፍ፣ ቤተሰቡ ድርቅ በሚችለው በጓያ ከረመ። በዚያው ዓመት ታላቅ ወንድማቸው ግዛቸው ከእርሻ ሲመለስ ጉልበቱ ከዳው፤ ከዚያ ወዲህም ያለ ምርኩዝ ሄዶ አያውቅም። አቶ መዝገቡ ወንድማቸውን ደግፈው ወንዝ ማውረድን ፊደል ከመቁጠር አስቀድመው ተማሩ።

በኋላ ጉለሌ አጎታቸው ዘንድ ተቀምጠው በዊንጌት ተምረው፣ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንተው፣ በዚሁ በሰፈራችን ባለ አንድ የምግብ ምርመራ ክፍል ተቀጠሩ። በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ተጋብተን ጽጌረዳንና ዓምሃን ወለድን።

ሥራቸው በጓያ ውስጥ ያለውን፣ እንደ ግዛቸው እግር የሚያሽመደምደውን መርዝ ከሌላው ለይቶ ማየት ነበር። የጓያውን ጭማቂ በረጅም ወረቀት አናት ላይ ያንጠባጥቡና፣ ጥቂት ውሃ የገባበት አልኮል ከላይ ወደ ታች በወረቀቱ ላይ እንዲወርድ ያደርጋሉ። ወረቀቱ በውስጡ ስስ ውሃ ይይዛል፤ መርዙም ውሃ ወዳድ ነውና ከዚያ ውሃ ጋር እየተጣበቀ ይዘገያል፤ ውሃ የማይወደው ከአልኮሉ ጋር ፈጥኖ ይወርዳል። ቀለም የሚያወጣ ፈሳሽ ረጭተው ሲያሞቁት፣ መርዙ የቆመበት ቦታ ወይን ጠጅ ይሆናል። ጽጌረዳ አልገባኝም ብትላቸው፣ «ከሽሮ ሜዳ እስከ ዊንጌት ሁለት ሰዎች በእግር ቢነሡ፣ በየደጁ ዘመድ ያለው ግባ፣ ተቀመጥ እየተባለ አይዘገይም?» አሏት። «እንደ አንተ ነዋ፣ አባዬ!» ብላ አሳቀችን። እውነትም ለዳቦ ወጥተው እራት ሲቀርብ የሚመለሱ ሰው ነበሩ።

ዘንድሮ በጥር ከትውልድ መንደራቸው ጓያ በከረጢት ተላከላቸው። ሌላ የሚበላ ስለ ጠፋ፣ ይህኛው ጉዳት እንደሌለው መርምረህ ንገረን የሚል መልእክት ነበረው። አልኮሉ እያለቀ ነበርና ውሃ ጨምረው አበዙት፤ ለማመሳከሪያ የሚሆን ንጹሕ መርዝም አልነበራቸውም። ወረቀቱ ሲሞቅ በመርዙ ቦታ ምንም አልታየም። ደስ ብሏቸው «ብሉት» ብለው ጻፉ።

በመጋቢት መጀመሪያ አዲስ አልኮል ሲመጣ ልባቸው አላርፍ ብሏቸው ደገሙት፤ ወረቀቱም በመርዙ ቦታ ወይን ጠጅ ሆነ። በፊተኛው ጊዜ ውሃው ስለበዛ መርዙ ከሚወርደው ፈሳሽ ጋር ተጉዞ በወረቀቱ ጫፍ ተንጠባጥቦ ኖሯል። «ዘመዱ አብሮት ከተጓዘ በየደጁ ማን ያስቆመዋል?» አሉኝ፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቁም።

«ተዉት የሚለውን ደብዳቤ በፖስታ ላከው» አልኳቸው።

«ፖስታው እስኪደርስ ይበሉታል እኮ።»

«የመሥሪያ ቤቱ መኪና ለእርዳታ እህል ተወስዷል አላልክም?»

«በጭነት መኪና እሄዳለሁ። ብሉ ያልኩት እኔ ነኝ ሠርኬ፤ ተዉ የምለውም እኔ ነኝ።»

ስንቃቸውን የቋጠርኩት በእጄ ነው። መኪናው አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ከአስከሬናቸው ጋር ቦርሳቸው መጣልኝ፤ በውስጡ ወይን ጠጅ ነጥብ ያለበት ወረቀትና ለወንድማቸው ለግዛቸው የተጻፈ፣ ገና ያልታሸገ ደብዳቤ አለ። ወደዚያ መንደር ስልክ የለም። አቶ ዱጉማ ቃሉን ገልብጠው በፖስታ ልከዋል፤ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ ግን የለም። እኔ ሁለት ልጆችና ትኩስ መቃብር ይዤ ወዴት እሄዳለሁ?

አቶ መዝገቡ በአርባ አራት ዓመታቸው ያረፉት እኔን ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ጽጌረዳንና ዓምሃን፣ እናታቸውን ወይዘሮ አጸደንና ወንድማቸውን ግዛቸውን ትተው ነው። እናታቸው የልጃቸውን መሞት አልሰሙም። ዛሬም ልጄ መርምሮ ፈቅዶልኛል እያሉ፣ ያንን ጓያ ለጎረቤት ልጆች ጭምር ያቀርቡ ይሆናል።

ከእናንተ መካከል ወደ ፎገራ የሚሄድ ወይም የሚሄድ ሰው የሚያውቅ ካለ፣ ደብዳቤው በእጄ ነው፤ ከመርዶው በፊት ይህን ያድርስልኝ። መንገደኛ የሌላችሁ ደግሞ ጸልዩልኝ፤ እግዚአብሔር የባሪያውን የመዝገቡን ስሕተት ይቅር ብሎ፣ የጀመሩትን መንገድ እርሱ እንዲፈጽምላቸውና ነፍሳቸውን እንዲያሳርፍልኝ ለምኑልኝ።