ደንበኛ እንዳይሄድባቸው ሲፈሩ የኖሩት እህታችን

በቤተሰቡ ዘንድ «ጭንቄ» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት እህታችን፣ ከሒሳብ ሠራተኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ገና በልጅነታቸው ሲሆን፣ እናታችን ከገበያ ጥቂት ከዘገዩ በር ላይ ቆመው «ቀሩ!» እያሉ ያለቅሱ ስለነበር ነው።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በጽሕፈትና በቢሮ አያያዝ ሠልጥነው በአንድ አስመጪ ድርጅት በጸሐፊነት ሲያገለግሉ፣ መብራት ሊጠግኑ ከመጡት ባለቤታቸው ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ፤ አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ። ድርጅቱ በድንገት ሲዘጋ ሌላ ቅጥር ስላላገኙ፣ ቤታቸው ሆነው ለልዩ ልዩ ቢሮዎች ደብዳቤ ሊጽፉ፣ ስልክ ሊመልሱና ቀጠሮ ሊይዙ ቆርጠው ተነሡ። ሥራውን እንደ ውኃ ጠጥተውታል፤ ደንበኛ መለመን ግን ሞታቸው ነበር። ፎቅ ወጥተው፣ በር ላይ ደርሰው፣ ሊያንኳኩ ባነሡት እጅ ፀጉራቸውን ነካክተው ይመለሱ ነበር።

አንድ ቀን በጥርስ ሐኪም በር ላይ እየተንቀጠቀጡ ቆመው ሳሉ፣ ሐኪሙ ጥርስ ማስነቀል የፈሩ ታካሚ መስለዋቸው «አይዞዎት እህቴ፣ አያምዎትም» ብለው ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው፤ እርሳቸውም ሥራ ፍለጋ መምጣታቸውን መናገር አቅቷቸው አፋቸውን ከፈቱ። እውነቱ ያመለጣቸው መርፌው ሲነሣ ነው። ሐኪሙ እንባቸው እስኪፈስ ስቀው፣ የተመሰቃቀለ የቀጠሮ መዝገባቸውን እዚያው አስረከቧቸው። በእርሳቸውም ምስክርነት አንድ ጠበቃ፣ ቀጥሎም አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ደንበኞቻቸው ሆኑ።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም። ስልኩ ግማሽ ቀን ዝም ካለ «በቃ፣ ሌላ ሰው አገኙ» ብለው እህል አይቀምሱም፤ መስመሩ መሥራቱን ለማወቅ ባለቤታቸውን ከጎረቤት እንዲደውሉላቸው ይልኩ ነበር። ደረታቸውን ማመም ሲጀምራቸውም «ሆስፒታል የተኛች ጸሐፊ ማን ይጠብቃል?» እያሉ ሕክምናውን አዘገዩት። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ እንኳ፣ ልጃቸው ትራስ ደግፋላቸው፣ ሳላቸውን ዋጥ አድርገው «እንደምን አደሩ፣ የጠበቃ ቢሮ ነው» ይሉ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ሆስፒታል ሲገቡ ጊዜው አልፎ ስለነበር ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን።

ትናንት ለቅሶ የደረሱት ደንበኞቻቸው «ቢነግሩን ኖሮ እስኪሻላቸው እንጠብቃቸው ነበር» ሲሉ አለቀሱ። እህታችን ይህን ቃል በሕይወት ሳሉ ከማንም አልሰሙትም።

ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውንና ይህን የማነብላችሁን ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ልጃቸው የእናቷን ሥራ ይዛለች፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮም ስልኩን ከእጇ አላስቀመጠችም። ብትታመም የምትጠብቋት ከሆነ፣ እባካችሁ ከዚህ ሳትነሡ ንገሯት። የእህታችንን ነፍስ ፈጣሪ ሥጋት በሌለበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን፤ አሜን።